ለባልና ሚስት የዕረፍት ጉዞ፦ ከጎንደር ግንብ እስከ ስሜን ተራራ



ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ ከትዳር ጓደኛችሁ ጋር ሁለታችሁ ብቻ ሆናችሁ ከቤት ውጭ ያደራችሁበት ሌሊት አለ? ለለቅሶ፣ ለሠርግ፣ ለኮንፈረንስ ወይም ዘመድ ለመጠየቅ የሄዳችሁበትን አትቁጠሩ። ለመንፈሳዊ ጉባኤ ሄዳችሁ ባል ከወንዶች፣ ሚስት ከሴቶች ጋር ያደሩበትንም አትቁጠሩ። እነዚህ ሁሉ ሲቀነሱ ብዙዎቻችን የምንቆጥረው ሌሊት አይተርፈንም።

የአብዛኛው አማኝ ቤተሰብ ሳምንት ይታወቃል። ከሰኞ እስከ ዓርብ ሥራና የልጆች ትምህርት ቤት ነው። ማክሰኞ ማታ የቤት ኅብረት፣ ሐሙስ የኳየር ልምምድ፣ ቅዳሜ ለቅሶና ሠርግ፣ እሑድ ጠዋት አምልኮ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የኮሚቴ ስብሰባ ይኖራል። በዚህ መካከል ባልና ሚስት የሚነጋገሩት ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ትምህርት ቤት ክፍያና ልጆቹን ማን እንደሚያመጣ ብቻ ይሆናል። በቤቱ ጠብ የለም፤ ጨዋታም ግን የለም። ሁለቱም ጌታን ይወዳሉ፣ ሁለቱም ያገለግላሉ፣ ሁለቱም ደክመዋል። እንዲህ ያለው ትዳር አንድ ቀን በድንገት አይፈርስም። ቀስ በቀስ ይቀዘቅዛል፤ ቅዝቃዜውንም መጀመሪያ የሚያዩት ብዙ ጊዜ ልጆች ናቸው።

በዚህ ጽሑፍ ባልና ሚስት ለጥቂት ቀናት አብረው የሚያርፉበትን ጉዞ እንዴት ማቀድ እንደሚችሉ እንመለከታለን። ለምሳሌ የመረጥነው ታሪካዊቷን ጎንደርንና ከእርሷ በስተሰሜን ያለውን ደጋ፣ ማለትም አምባ ጊዮርጊስን፣ ዳባትን፣ ደባርቅንና የስሜን ተራሮችን ነው። በቅድሚያ ግን ለብዙ አማኞች የሚከብደውን ጥያቄ እናንሳ።

ማረፍ ለአማኝ ይገባዋልን?

አንዳንድ ወገኖች ለመዝናናት መጓዝን የዓለማውያን ነገር አድርገው ያዩታል። ሌሎች ደግሞ «የጌታ ሥራ እያለ እንዴት እናርፋለን?» ይላሉ። የእግዚአብሔር ቃል ግን በዚህ ጉዳይ ብዙ ይናገራል።

በማርቆስ 6፥31 ደቀ መዛሙርቱ ከአገልግሎት ሲመለሱ የሚመጣውና የሚሄደው ሰው ስለ በዛ እንጀራ ለመብላት እንኳ ጊዜ አጥተው ነበር። ጌታ ኢየሱስ ይህን አይቶ ጥቂት እንዲያርፉ ለብቻቸው ወደ ምድረ በዳ ስፍራ ጠራቸው። ልብ በሉ፤ የአገልግሎቱ ባለቤት ራሱ ነው ያሳረፋቸው። ደግሞም ቀጥሎ ያሉትን ቁጥሮች ስታነቡ ሕዝቡ ቀድሞአቸው በዚያ ስፍራ ተገኘ። ዕረፍት ዘወትር የሚቋረጥበት ምክንያት አያጣም፤ ስለዚህ ካልታሰበበትና ካልተጠበቀ አይገኝም።

በ1ኛ ነገሥት 19 ነቢዩ ኤልያስ ተስፋ ቆርጦ ከክትክታ ዛፍ በታች ሞትን በለመነ ጊዜ እግዚአብሔር ተግሣጽ አላስቀደመም። እንቅልፍ ሰጠው፤ በመልአኩ እጅም እንጎቻና ውኃ አቀረበለት። ከዚያ በኋላ ነው በተራራው ላይ ያናገረው።

ስለ ባልና ሚስት ደግሞ ዘዳግም 24፥5ን ተመልከቱ። አዲስ ያገባ ሰው ወደ ጦርነት እንዳይወጣና ሌላ ግዴታም እንዳይጫንበት፣ አንድ ዓመት በቤቱ ሆኖ ሚስቱን ደስ እንዲያሰኝ ሕጉ ያዝዛል። ሕዝቡ በጠላት ተከቦ ሳለ እንኳ የባልና የሚስት ደስታ የሕግ ጥበቃ ነበረው። በመኃልየ መኃልይ ዘሰሎሞን 7፥11 ላይም ሙሽራይቱ ውዷን ወደ መስክ እንዲወጡ፣ በመንደሮችም እንዲያድሩ ትጋብዘዋለች። በዘመናችን ቋንቋ ብንናገር፣ የጉዞውን ሐሳብ ያመጣችው ሚስት ናት ማለት ነው።

ከተማና ተራራ ለምን?

አንዳንዱ ሰው የሚታደሰው በማየትና በመማር ነው፤ ሌላው ዝምታና አየር ይበቃዋል። በአንድ ትዳር ውስጥ ብዙ ጊዜ ሁለቱም ዓይነት ሰዎች ይገኛሉ። ከተማውና ተራራው ጎን ለጎን ሲሆኑ አንዱ ለሌላው ሲል ብቻ የሚጓዝበት ጉዞ አይሆንም። ጎንደር ለዚህ ትመቻለች። ከአዲስ አበባ በመኪና 730 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅም በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ከጎንደር እስከ ደባርቅ ደግሞ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው።

ጎንደር፦ ድንኳን ያረፈበት ከተማ

ከአፄ ፋሲል በፊት የነበሩ ብዙ ነገሥታት ቤተ መንግሥታቸውን በድንኳን ይዘው ከቦታ ወደ ቦታ ይዘዋወሩ ነበር። ፋሲል (የነገሡት እ.ኤ.አ. ከ1632 እስከ 1667) እ.ኤ.አ. በ1636 ጎንደርን መቀመጫቸው አደረጉ። ሲዘዋወር የኖረ መንግሥት በዚህች ከተማ ሥር ሰደደ።

ፋሲል ግቢ ዙሪያው 900 ሜትር በሚሆን የድንጋይ ቅጥር የተከበበ ሲሆን በውስጡ የተለያዩ ነገሥታት ያሠሯቸው ሕንፃዎች አሉ። የፋሲል ግንብ፣ የቀዳማዊ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት፣ የቀዳማዊ ኢያሱ ቤተ መንግሥት፣ የዳዊት አዳራሽ፣ የበካፋና የእቴጌ ምንትዋብ ሕንፃዎች በአንድ ግቢ ይታያሉ። ቦታው እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በቅርብ ዓመታትም ሰፊ የዕድሳት ሥራ ተሠርቶለታል። ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ ከአስጎብኚ ጋር ግቡ፤ ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ስጡት። ከዚያ በፒያሳ ቡና ጠጡና ወደ ማረፊያችሁ ተመልሳችሁ ተኙ። በቀን መተኛት ኃጢአት አይደለም።

በሁለተኛው ቀን የፋሲል መዋኛን፣ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዘመን ያሠሯትን ቁስቋምንና ደብረ ብርሃን ሥላሴን ማየት ትችላላችሁ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ በጣሪያዋ ላይ ረድፍ በረድፍ በተሳሉት የመላእክት ፊቶች ትታወቃለች። እ.ኤ.አ. በ1888 ደርቡሾች ጎንደርን ወርረው አብያተ ክርስቲያናቷን ሲያቃጥሉ ከጥፋቱ ከተረፉት አንዷ ናት። ወንጌላውያን አማኞች ወደ እነዚህ ስፍራዎች ስንገባ ጫማ ማውለቅን፣ ነጠላ መልበስንና ጸጥታን የመሳሰለውን የቦታውን ሥርዓት ማክበር ይገባናል። የሄድነው ለመከራከር አይደለም። የአባቶቻችንን ታሪክ ለማወቅና አብረን ለማረፍ ነው።

አንድ ምክር እንጨምር። ሁሉን በአንድ ቀን ለማየት አትሩጡ። በከተማችን ስንሮጥ ከርመን በጎንደር ደግሞ ብንሮጥ ዕረፍቱ ምኑ ላይ ነው? ከምታዩት ነገር ይልቅ አብራችሁ የተቀመጣችሁበት ሰዓት ይበልጣል። ፀሐይ ስትጠልቅ ጎሃ ኮረብታ ላይ ወጥታችሁ ከተማይቱን ቁልቁል መመልከት ብቻውን አንድ ምሽት ይሞላል።

በጎንደር ያለው የወንጌል አሻራ

ብዙ አማኞች ጎንደርን ሲጎበኙ ሳያውቁት የሚያልፉት ታሪክ አለ። ፔተር ሃይሊንግ የተባለ የሉቤክ ከተማ ተወላጅ የሆነ ጀርመናዊ ሉተራን በ1630ዎቹ በግብፅ በኩል ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ በፋሲል ቤተ መንግሥት አካባቢ አገልግሏል። ወጣቶችን ያስተምር እንደነበረ፣ የዮሐንስ ወንጌልንም ወደ አማርኛ እንደ ተረጎመ የታሪክ ጸሐፊዎች ይተርካሉ።

ወደ ሁለት መቶ ዓመት ከሚጠጋ ጊዜ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1830፣ ሳሙኤል ጎባት የአማርኛ ወንጌሎችን ይዞ ጎንደር ገባ። እርሱ በኋላ የኢየሩሳሌም ጳጳስ ሆኖ ወደ አፄ ቴዎድሮስ የእጅ ሙያ ያላቸው ወንጌላውያንን ልኳል። ከእነርሱም አንዱ ማርቲን ፍላድ እ.ኤ.አ. በ1860 በደምቢያ በቤተ እስራኤል መካከል የተጀመረውን የወንጌል ሥራ ከባለቤቱ ጋር አገለገለ። የውጭ አገር ሰዎች ከአገር በወጡ ጊዜም ሥራው አልቆመም፤ ሚካኤል አረጋዊን የመሰሉ ኢትዮጵያውያን ለረጅም ዓመታት ተሸክመውታል።

እነዚህ ሰዎች የዘሩትን ፍሬ አብዛኛውን ሳያዩ አልፈዋል። ሥራው ግን የጌታ ስለሆነ እነርሱ ካለፉም በኋላ ቀጠለ። «እኔ ከሌለሁ አገልግሎቱ ይወድቃል» ብለን ለአራት ቀን እንኳ መለየት ለሚከብደን ሰዎች ይህ ታሪክ ትልቅ ትምህርት ነው።

ወደ ደጋው፦ አምባ ጊዮርጊስ

ከጎንደር ወደ ሰሜን የሚወስደው መንገድ እየወጣ ይሄዳል። ከአምባ ጊዮርጊስ ቀደም ብሎ ኮሶዬ የሚባል ስፍራ አለ። ከገደሉ አፋፍ ቆላው እስከ አድማስ ድረስ ተዘርግቶ ይታያል። በአካባቢው ከተረፈው የአገር በቀል ደንም ጥቂት ማየት ይቻላል። ቸኩላችሁ አትለፉት። መኪናውን አቁማችሁ ለአንድ ሰዓት ያህል በእግር ሂዱ።

ከጎንደር 40 ኪሎ ሜትር ያህል ስትርቁ አምባ ጊዮርጊስ ትደርሳላችሁ። ይህች ከተማ በወገራ ደጋ ላይ ወደ 3,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ የተቀመጠች ናት። ወገራ የገብስ፣ የስንዴና የባቄላ አገር ነው። ቱሪስት ለማየት የሚመጣላት ከተማ ስላልሆነች መኪኖች አቋርጠዋት ያልፋሉ። ለባልና ሚስት ግን የምትሰጠው ነገር አለ። ማንም የማያውቃችሁ፣ ማንም «መጋቢ» ወይም «እኅት» ብሎ የማይጠራችሁ፣ ፕሮግራም የማይጠብቃችሁ ስፍራ ናት። ብርዱ ስለሚያስጠጋችሁ ጋቢ ተከናንባችሁ ትኩስ ሽሮ በእንጀራ ብሉ፤ የተቆላ ባቄላ ይዛችሁ ወደ መስኩ ወጣ በሉ። ገበሬው በሬዎቹን ፈትቶ ሲያሳርፋቸው ታያላችሁ። ማንም ገበሬ በሬውን ሳያሳርፍ ዓመቱን ሙሉ አያርስም፤ እኛ ግን ራሳችንን እንዲሁ እናርሳለን።

ስሜን፦ የሚያርፍ ምድር

ዳባትን አልፋችሁ ደባርቅ ስትደርሱ የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤትን ታገኛላችሁ። የመግቢያ ክፍያ የሚፈጸመው፣ አስጎብኚና የታጠቀ ስካውት የሚመደበውም በዚያ ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1969 ተቋቋመ፤ በ1978 ዩኔስኮ በዓለም ላይ መጀመሪያ ከመዘገባቸው 12 ቅርሶች አንዱ ሆነ። ዋልያና ጭላዳ ዝንጀሮ በሌላ አገር አይገኙም፤ ቀይ ቀበሮም እንዲሁ የኢትዮጵያ ብቻ ነው። ጭላዳዎች ሣር እየጋጡ በመንጋ ሲውሉ፣ እርስ በርሳቸውም ጠጉራቸውን ሲበጣጠሩ ብትቀመጡ ለረጅም ሰዓት አትሰለቹም። አንዱ ወንድ ብዙ ሴቶችን ስለሚይዝ በዚህ በኩል ለትዳር ምሳሌ አይሆኑም፤ ለመተሳሰብ ግን ይሆናሉ።

በከፍታው ላይ ጅብራ የሚባለውን ግዙፍ ተክል ታያላችሁ። ለብዙ ዓመታት አድጎ በሕይወቱ አንድ ጊዜ ብቻ ያብባል፤ ካበበ በኋላም ይደርቃል። አንዳንድ ባልና ሚስት ሠርጋቸውን እንደዚህ አበባ ያደርጉታል፤ አንድ ቀን አብበው ከዚያ በኋላ ሌላ አበባ አይጠብቁም። የትዳር አበባ ግን በየዓመቱ ሊታደስ የሚችል ነው።

ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ገብቶ ነበር። እርሻና ከመጠን ያለፈ ግጦሽ ምድሩን አድክሞት፣ ዋልያውም ቁጥሩ ተመናምኖ ነበር። ከብዙ ሥራ በኋላ፣ የጊች መንደር ነዋሪዎችም መንደራቸውን ትተው ወደ ደባርቅ ከተዛወሩ በኋላ፣ በ2017 ከዚያ ዝርዝር ወጣ። ዕረፍቱ ዋጋ የተከፈለበት መሆኑን መርሳት አይገባም። በዘሌዋውያን 25፥4 እግዚአብሔር ለምድር እንኳ የዕረፍት ዓመት ሰጥቷል። ምድር ሳታርፍ ካልሰጠች፣ የሰው ልብስ?

ስለ ጤና መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ሳንቃ በር ከ3,200 ሜትር፣ ጨነቅ ደግሞ ከ3,600 ሜትር በላይ ናቸው። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ አገር እንደ መጣችሁ በቀጥታ አትውጡ። በጎንደርና በደባርቅ አድራችሁ ቀስ ብላችሁ ውጡ፤ ውኃ አብዝታችሁ ጠጡ፤ ከባድ ራስ ምታትና ማስመለስ ከመጣ ዝቅ ወዳለ ስፍራ ውረዱ። ነፍሰ ጡር የሆነች፣ ወይም የልብና የደም ግፊት ሕመም ያለበት ሰው አስቀድሞ ሐኪም ያማክር። ሌሊቱ ስለሚበርድ ወፍራም ልብስ ያዙ። ክረምቱ ከወጣ በኋላ፣ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር፣ ተራራው ለምለም ሆኖ አየሩም የጠራ ይሆናል።

ሰላም በሌለበት ጊዜስ?

እውነቱን ሳንናገር ማለፍ አይገባንም። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት የዳባትና የደባርቅ አካባቢ ሕዝብ ብዙ መከራ አይቷል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል በተነሣው የትጥቅ ግጭት የመንገዱ ሁኔታ ከሳምንት ሳምንት የሚለዋወጥ ሆኖ ቆይቷል። በቱሪስት ይተዳደሩ የነበሩ አስጎብኚዎች፣ ስካውቶች፣ የበቅሎ ባለቤቶችና የሆቴል ሠራተኞች እንጀራቸው ተነክቷል።

ስለዚህ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት በቦታው የሚኖሩ አማኞችንና የምታርፉበትን ሆቴል በስልክ ጠይቁ። በመኪና በሌሊት አትጓዙ። «መንገዱ አይመችም» ከተባላችሁ እሺ ብላችሁ በጎንደር ከተማ ቆዩ፣ ወይም ጉዞውን ለሌላ ጊዜ አስተላልፉ። እምነት ማለት ማስጠንቀቂያን መናቅ አይደለም፤ በምሳሌ 22፥3 አስተዋይ ሰው ክፉን አይቶ እንደሚሸሸግ ተጽፏል። ስትሄዱም ያዘነ ሕዝብ ወዳለበት እንደምትሄዱ አስቡ። ከሰዎቹ ጋር ተቀምጣችሁ ስሙአቸው፤ ዋጋ አትከራከሩአቸው፤ ማታ ማታ ለምድሪቱ ሰላም አብራችሁ ጸልዩ።

ወደ ሰሜን መሄድ በማይቻልበት ጊዜ ተመሳሳይ ጉዞ በደቡብ ምዕራብ ይገኛል። ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ጅማ፣ ጅሬን ኮረብታ ላይ የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አለ። ከዚያ ወደ ቦንጋ ብትቀጥሉ እ.ኤ.አ. በ2010 ዩኔስኮ የመዘገበውን የካፋ ጥብቅ ደን ታገኛላችሁ። የዱር ቡና በጥላው ሥር የሚበቅልበት እውነተኛ የዝናብ ደን ነው። መንገዱን ጠይቆ መሄድ ግን በዚያም አይቅር።

ገንዘቡ፣ ልጆቹና አገልግሎቱ

«ለዚህ የሚሆን ገንዘብ ከየት?» የሚለው ጥያቄ ትክክለኛ ነው። መልሱ እንደየቤቱ ይለያያል፤ ቢሆንም የሚከተሉትን አስቡባቸው።

1. የሁለት ሰው ዕቁብ ጀምሩ። በየወሩ ከደመወዝ ትንሽ እያነሣችሁ ለብቻ አስቀምጡ። በብድር ግን አትጓዙ፤ ከጉዞ በኋላ የሚመጣ ዕዳ ያገኛችሁትን ዕረፍት ይበላዋል።

2. አቅም ካልፈቀደ በምትኖሩበት ከተማ አንድ ሌሊት ይበቃል። ዋናው ሁለታችሁ ብቻ መሆናችሁ ነው።

3. ልጆቻችሁን ለምታምኑት ቤተሰብ አደራ ስጡ። በቤት ኅብረታችሁ ካሉ ባልና ሚስት ጋር ተራ መግባት ትችላላችሁ፤ ዘንድሮ እነርሱ የእናንተን ልጆች ይይዛሉ፣ በሚቀጥለው እናንተ የእነርሱን።

4. አገልግሎታችሁን አስቀድማችሁ ለሌላ ሰው አስረክቡ። ስልካችሁን በቀን አንድ ጊዜ ብቻ፣ የልጆቹን ደኅንነት ለመጠየቅ ክፈቱ። የቤተ ክርስቲያን ጉዳይ ይዞ የሄደ ሰው ቢሮውን ተሸክሞ ሄዷል።

5. በውጭ አገር የምትኖሩ ወገኖች ወደ አገር ቤት ስትገቡ ቀኖቻችሁ ሁሉ በዘመድ ጥየቃ ያልቃሉ። ለሁለታችሁ የሚሆኑትን አራት ቀናት ትኬቱን ስትቆርጡ አብራችሁ ወስኑ፤ ለቤተሰብም አስቀድማችሁ በአክብሮት ንገሩ። ድንገት ከተባለ ማስቀየም ይመጣል፤ ቀድሞ ከተነገረ ግን እናትም አባትም ይመርቃሉ።

ለቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎችም አንድ ቃል አለን። መጋቢያችሁና ባለቤቱ ለመጨረሻ ጊዜ አብረው ያረፉት መቼ ነው? ብዙ የሙሉ ጊዜ አገልጋዮች ዓመታዊ ፈቃድ አላቸው ቢባልም ወጥተውበት አያውቁም፤ ደመወዛቸውም አይፈቅድላቸውም። የሌላውን ትዳር ሲያስታርቅ የሚውል አገልጋይ የራሱ ትዳር ሲደክም ወዴት ይሄዳል? ለኮንፈረንስ ከምናወጣው ብር ጥቂቱ ለመጋቢ ቤተሰብ ዕረፍት ቢውል ጉባኤው ራሱ ይጠቀማል።

አብረን ስንሆን ምን እንነጋገር?

አንዳንድ ባልና ሚስት ለጉዞ ወጥተው ሁለተኛው ቀን ላይ የሚያወሩት ያጣሉ። ይህ አያስደንግጣችሁ፤ ለዓመታት ያልተነጋገረ ሰው በአንድ ቀን አይፈታም። በየማታው አንድ ጥያቄ ብቻ አንሡ። በመጀመሪያው ማታ፦ በዚህ ዓመት በጣም ያደከመህ (ያደከመሽ) ነገር ምንድን ነው? በሁለተኛው፦ እኔ ሳላስተውለው ያለፍኩት ሐዘን አለ? በሦስተኛው፦ እግዚአብሔር ስላደረገልን ነገር ምን እናመስግን? በአራተኛው፦ ስንመለስ የምንተወውና የምንጀምረው አንድ አንድ ነገር ምን ይሁን?

አንዱ ሲናገር ሌላው ያዳምጥ፤ መልስ ለመስጠትና ራስን ለመከላከል አትቸኩሉ። ያዕቆብ 1፥19 ለመስማት መፍጠንን፣ ለመናገር መዘግየትን የሚያስተምረው ለቤትም ጭምር ነው። ከዚያ እጅ ለእጅ ተያይዛችሁ በአጭሩ ጸልዩ። ፍቅር መግለጥንም አትፈሩ፤ 1ኛ ቆሮንቶስ 7፥5 ባልና ሚስት በስምምነት ካልሆነ በቀር እርስ በርስ እንዳይከላከሉ የሚያስተምር የእግዚአብሔር ቃል ነው።

አንድ ማሳሰቢያ ግን አለ። ጉዞ የደከመን ትዳር ያሳርፋል እንጂ የቆሰለን ትዳር ብቻውን አይፈውስም። በቤታችሁ ድብደባ፣ ማስፈራራት፣ ሱስ ወይም አለመታመን ካለ ሩቅ አገር ሄዶ ለብቻ መሆን መፍትሔ አይሆንም፤ አደጋም ሊሆን ይችላል። አስቀድማችሁ ወደምታምኑት አገልጋይና በሙያው ወደ ሠለጠነ የትዳር አማካሪ ሂዱ። የምትደበደብ እኅት ካለች ደኅንነቷ ይቀድማል፤ «ታገሺ» ብሎ መመለስ የእረኛ ሥራ አይደለም።

ለመጀመር ያህል

ከላይ ያልነውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ማድረግ አይጠበቅባችሁም። ዛሬ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ የቀን መቁጠሪያ አውጡና አራት ቀን ምረጡ፤ ሦስት ወር ቢርቅም ግድ የለም። ሁለቱን ለጎንደር፣ አንዱን ለአምባ ጊዮርጊስና ለደባርቅ፣ አንዱን ለተራራው መድቡ፤ ወይም እንደ አቅማችሁና እንደ መንገዱ ሁኔታ ሌላ ስፍራ ምረጡ። ቀኑን ጻፉበት። ከዚያ በኋላ ለሚመጣው ጥሪ ሁሉ «በዚያን ቀን ቀጠሮ አለን» በሉ። ውሸት አይሆንባችሁም፤ ከባለቤታችሁ ጋር ቀጠሮ አላችሁና።

በድካማችሁ ያልተለያችሁ ጌታ በዕረፍታችሁም ከእናንተ ጋር ይሁን። ትዳራችሁን ይባርክ፤ ቤታችሁን በሰላም ይሙላ። አሜን።